የኡላዩ ስም ማደሪያ

ፑቱሊክን የሰደበው ሳሉሙኒ ነው። የሰደበውም የኑቩክ መንደር ሰዎች ተጭነው ወደ ታሲራሉክ በመጡበት ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የማኅበሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ማን ማን ቆሞ እንደነበር ፑቱሊክ ዛሬም አንድ በአንድ ይነግርሃል። ቄሱ በሩን ተደግፎ ትምባሆ ይጠቀልል ነበር። የሳሉሙኒ እኅት ዱቄት ተሸክማ ትወጣ ነበር። ሁለቱ የማርኩሲ ልጆች የውሾቹን ገመድ ይፈቱ ነበር። አራቱም ሳቁ። ቄሱ እንኳ፣ ከንፈሩን ነክሶም ቢሆን፣ ሳቀ። ሰው የሞተችበትን የእናቱን መልክ ሊረሳ ይችላል፤ የሳቀበትን ሰው ጥርስ ግን አይረሳም።

በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት አጋማሽ አንድ የመንግሥት አውሮፕላን ኑቩክ በረዶ ላይ አረፈ። ነርሷም ሬዲዮውም ከዛሬ ጀምሮ የሉም፣ በእጃችሁ የምትችሉትን ይዛችሁ ግቡ ተባለ። ድስት እንደተጣደ የቀረበት ቤት ነበር። ውሾቹ እንደታሰሩ ቀሩ። ታሲራሉክ ሲደርሱ «ቤት ይጠብቃችኋል» የተባለው ቤት ድንኳን ሆኖ ተገኘ፤ ድንኳኑም የተተከለው ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ነው። የፑቱሊክ እናት ኡላዩ እዚያ ውስጥ ስትስል ከረመችና ሞተች።

እንግዲህ ሰው ሲሞት ስሙ ማደሪያ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን የተወለደ ሕፃን ስሙን ይለብሳል፤ ሕፃኑም ያ ሰው ይሆናል። እናቱን የቀበረ ጎልማሳ ስሟን የለበሰችውን ጨቅላ «እማዬ» ይላታል፣ የመጀመሪያ ጫማዋን ያሰፋላታል፣ ካደነው ምርጡን ይልክላታል። እሷም አፏን ስትፈታ «ልጄ» ትለዋለች። ሐዘን የሚወጣው በዚህ ነው። ስሙ ማደሪያ አጥቶ አንድ የብርድ ወራት ሜዳ ላይ ካደረ ግን ይከፋል፣ አውሬ ይሆናል፤ አውሬ የሆነ ስም ደግሞ የኑቩክ ሰው ልጁ ላይ አይጥልም።

በዚያ ሰሞን በመንደሩ የወለደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የሳሉሙኒ ሚስት አላሲ። ሳሉሙኒ ያኔ የታሲራሉክ አንደኛ አዳኝ ነው። አፉም እንደ ጠመንጃው ዒላማ አይስትም። ፑቱሊክ ገና ጢሙ ያላጎነቆለ ጎረምሳ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠብቆ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ሰብሮ ለመነው።

«ጋሼ ሳሉሙኒ፣ የእናቴ ስም ማደሪያ አጥቷል። ለተወለደችልዎት ልጅ ቢጥሉልኝ፣ እስክሞት አደኔ የእርስዎ ነው።»

ሳሉሙኒ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «የማን ስም አልከኝ?»

«የኡላዩ።»

«ከቆሻሻ ጀርባ የመጣ ስም ልጄን አላለብሳትም» አለ ሳሉሙኒ፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይልቅ ውሾቼ ጋ ውሰደው። ትናንት አንዷ ወልዳለች። እነሱ ከወደዱልህ!»

ያን ጊዜ ነው የሳቁት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። የማርኩሲ ልጆች ግን ቀልዱን ከመሬት አንሥተው ከአዲሶቹ ቡችሎች አንዷን «ኡላዩ» አሏት። ፑቱሊክ የእናቱ ስም በጅራፍ ሲጠራ እየሰማ ከረመ። «ኡላዩ፣ ሩጪ! ኡላዩ፣ ተኚ! ይቺ ሌባ ኡላዩ፣ ሥጋውን ጨረሰችው!» በረዶው ሲቀልጥ የእናቱን ሬሳ በሰው ጀልባ ወደ ኑቩክ መለሰና እዚያ ድንጋይ ከመረባት። ሥጋዋ ማደሪያ አገኘ። ስሟን ግን አክስቱ አይታ «በቃ፣ አውሬ ሆኗል፤ ሁለተኛ እንዳታነሡት» ብላ ዘጋችው። ከዓመታት በኋላ ፑቱሊክ የራሱን ሴት ልጅ ሲወልድ እጁ ላይ አስቀምጧት፣ ስሙ ምላሱ ጫፍ ደርሶ፣ ዋጠው። ሲያሲ አላት።

ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተፈርሞ ኑቩክ ለኑቩክ ሰዎች የተከለለው ከዚያ ወዲህ ነው። ለዘላለም የእናንተ ነው፣ ሌላ ሰው ጎጆ አይቀልስበትም፣ ጠጠር አያነሣበትም ተባለ። ነዳጅ የለ፣ ነርስ የለ፣ መብራት የለ፤ ማን ይመለስ? ሰውን ነቅለው ካመጡ በኋላ መሬቱን ማጠር የመንግሥት ጥበብ ነው። ኑቩክ የሰው ዘር የማይረግጠው ርስት ሆኖ ቀረ። ታሲራሉኮችም አዲስ መሳቂያ አገኙ። ፑቱሊክ በስብሰባ እጁን ባወጣ ቁጥር ሳሉሙኒ ወደ ሰው ዞር ይልና፣

«ዝም በሉ እንጂ! የነፋስ ባላባት ሊናገሩ ነው!» ይላል።

ቤቱ ይፈርሳል በሣቅ። ፑቱሊክ ሊናገር ያሰበው ይጠፋበትና እጁን ያወርዳል። አንድ ቀን እንኳ ሐሳቡን ጨርሶ ተናግሮ አያውቅም።

አላሲ የወለደቻት ልጅ ሚና ተብላ ተጠመቀች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፑቱሊክ ከሱቅ ሲወጣ ሮጣ መጥታ የካፖርቱን ጫፍ ያዘችውና ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣

«ልጄ፣ ጆሮህን ሸፍን። ይበርድሃል» አለችው።

ሴቶቹ ተንከተከቱ። የፑቱሊክ ቀኝ ጆሮ ጫፉ በልጅነቱ በውርጭ የተበላ ነው፤ እናቱም እስክትሞት ድረስ ከቤት በወጣ ቁጥር ያቺኑ ቃል ሳትል አትሸኘውም ነበር።  አባቷ አስጠንቶ ልኳት ነው፣ አለ በሆዱ። ያ ሰው እናቴን ለውሻ ሰጥቶ አልበቃው ብሎ፣ አሁን ደግሞ በጨቅላ አፍ በእናቴም በጆሮዬም ሊቀልድ ነው! እጇን መንጭቆ አስለቀቃትና በረዶው ላይ በቂጧ ወደቀች።

«ሁለተኛ ልጄ ብትይኝ ምላስሽን ቆርጬ ለቁራ ነው የምሰጠው! ለዚያ ለላከሽም ንገሪው!»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ተነሥታ በረዶውን አራገፈች፣ ቆማ አየችው። ከዚያ ወዲህ «ልጄ» ብላው አታውቅም። ጀልባውን ባስጠጋ ቁጥር ግን ከባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ እስኪወርድ ድረስ ታየው ነበር። ካየችው በኋላ ወደ ቤቷ ትገባለች። ፑቱሊክ ይህንንም ስለላ ነው ያለው።

አላሲ ሞተች፤ የፑቱሊክም ሚስት ሞተች። ሚና ባል ሳታገባ አባቷን እየጦረች ቀረች። አንድ ጸደይ ሳሉሙኒ ውሾቹ ከሚስቡት ተንሸራታች ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ተኛ። አደን ጠፍቶ ነበር፣ በየቤቱ ከሱቅ ከሚገዛ ብስኩት በቀር የሚላስ አልነበረም። ፑቱሊክ ግን በኑቩክ ልማድ ባለፈው ዓመት ያደነውን ዋልረስ፣ ያን ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር አውሬ፣ ባሕር ዳር ድንጋይ ስር ቀብሮ አክርሞት ነበር። ገና ድንጋዩን ሲያነሣ ሽታው መንደሩን አዳረሰ። ታሲራሉኮች ይህን ሽታ ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሚና ሳህን ይዛ መጣች።

«ፑቱሊክ፣ ከከረመው ትንሽ ብትቆርጥልኝ።»

«ለታሲራሉክ አፍንጫ ይገማል አይደል እንዴ?»

«እኔን አይገማኝም። አምሮኝ ነው።»

ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ቤተ ዘመድ፣ ዘና ብላ። ይህ መዝናናቷ ነው ይበልጥ ያበገነው። ሲጠብቀው የኖረው ቀን በእግሩ መጥቶ ደጁ ቆሟል። ፑቱሊክ ከሥጋው አንድ ትልቅ ጉማጅ ቆረጠ፣ አሳያት፣ ከዚያ በራሷ ላይ አሻግሮ ለውሾቹ ወረወረው።

«እናቴን ውሻ ያለ ቤት ተራው ከውሻ ኋላ ነው። ያውልሽ፤ ሂጂና ተሰለፊ።»

ውሾቹ ተናከሱ። ሚና እነሱን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ እሱን አየች።  ሳህኑን ገልብጣ ብብቷ ስር ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት መንጠቆዋን ይዛ ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት በረዶ ላይ ወጣች። በጸደይ እዚያ በረዶው ከላይ ነጭ ነው፣ ከስር ግን ውሃው በልቶት እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ሕፃን ያውቀዋል። ሬሳዋን ያገኙት ባሕሩ ከተፈታ በኋላ ነው። ፑቱሊክ ቀብሯ ላይ አልቆመም። የዚያን ዕለት የጀልባውን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ሲሠራ ያፏጭ ነበር ብለው ያሙታል፤ ሐሜት አይደለም፣ አፏጭቷል።

አሁን ልጁ ሲያሲ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

በወለደች በሳምንቱ በሩ ተንኳኳና ሳሉሙኒ በምርኩዝ ገባ። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ቆዳና አጥንት ሆኗል። ሳንባው ላይ የበቀለበትን ነገር የደቡብ ሐኪሞች አይተው ወደ አገሩ መልሰውታል፤ በእነሱ ቋንቋ ይህ «ሂድና ሙት» ማለት ነው። ሲያሲ ልጇን ታቅፋ ብድግ ብላ አስቀመጠችው። ፑቱሊክ ካለበት አልተነሣም።

«እንዴት ዋልክ፣ ፑቱሊክ?»

«ደህና። እርስዎ እስካሁን አልሞቱም እንዴ?»

«አባዬ!» አለች ሲያሲ።

«ተዪው» አለ ሳሉሙኒ። «ልክ ነው የጠየቀኝ። አልሞትኩም፤ የመጣሁትም ለሱ ነው። በረዶው ሳይጥል እሞታለሁ። ልጅ የለኝ፣ የልጅ ልጅ የለኝ። በዚህ ሰሞን በመንደሩ የተወለደም ያንተው ብቻ ነው። ስሜን እዚህ ልጅ ላይ ጣልልኝ።»

 ሕፃኑ ብቻ ጡት ሲጠባ ጭልጥ ጭልጥ ይላል።

«ሲያሲን ጠይቄያት ነበር» አለ ሽማግሌው። «አባቴ ካላለ አልሰጥም አለችኝ።»

«እኔ ደስ ይለኛል» አለች ሲያሲ ዓይኗን ሳታነሣ። «አባዬ፣ ሕፃን እኮ ሦስት ስም አራት ስም ይሸከማል። ምን ይከብደዋል? ስሜን ሜዳ ላይ አትጣሉ ያለን ሰው ማን መልሶ ያውቃል?»

ፑቱሊክ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ማን መልሶ ያውቃል! ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል።

«እኔን ምን ይለምኑኛል? የቤቱ ትልቅ እኔ አይደለሁም። እናቴ ናት። ኑቩክ ተኝታለች። ነገ ባሕሩ እንዲህ ካደረ አደርስዎታለሁ፤ እሷን ይለምኑ።»

«አባዬ፣ ምን ነካህ? እኚህ ሰው በጀልባ ቢወጡ ይሞታሉ!»

«ስም የሚለምነው የሚሞት ሰው አይደል?»

ሳሉሙኒ ብዙ ሳለ። ሲጨርስ «እሄዳለሁ» አለ።

በነጋታው ወጡ። ከሞተሩ አጠገብ ደረቅ ቦታ ነበር፤ ፑቱሊክ ግን ሽማግሌውን ከፊት፣ ማዕበሉ እየተሰበረ የሚረጭበት ቦታ አስቀመጠው። ሞተሩንም ዝግ አላለለትም። ጀልባው በዘለለ ቁጥር የሽማግሌው አጥንት ከእንጨቱ ጋር ሲጋጭ ይሰማዋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ሻይ ቀዳ። ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ደገመ፣ የቀረውን አተላ ባሕር ላይ ደፋው። ሳሉሙኒ ሻዩ ሲደፋ አየና ፊቱን ወደ ኑቩክ አዞረ። አልለመነም። ፑቱሊክን ይህ ቅር አለው።

የደረሱት ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ዓይን ማየት ድረስ ይሸሻል፤ ጀልባውን ሲያስሩ ውሃው ከስሩ እየተንሸራተተ ነበር፣ ጥቂት ቆይቶ ጀልባው ጭቃና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እስኪመለስ ድረስ ከዚያ መሬት ንቅንቅ የለም። ፑቱሊክ ይህንንም አስልቶበታል።

ኑቩክ እንደተተወች ናት። ቤቶቹ በራቸው ወልቆ፣ መስኮታቸው ተቦጭቆ፣ እንደ ራስ ቅል አፍጥጠዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ወደ ውስጥ ገብቷል። ፑቱሊክ በነዚያ ቤቶች መካከል ሲያልፍ ሁልጊዜ ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ ባለርስት ነዋ። ሽማግሌው ከኋላው ምርኩዙ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንሸራተተበት፣ አልሆን ሲለው በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ወጣ። ፑቱሊክ ዳገቱ ላይ ቆሞ ሲድህ አየው። ይህን ለማየት ብዙ ዓመት ጠብቋል።

የእናቱን መቃብር ክምር የድንጋይ ሽበት አልብሶታል።

«እነኋት» አለ ፑቱሊክ። «ለምናት።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታው ቀረ።

ሳሉሙኒ ትንፋሹ እስኪመለስለት ክምሩን ሲያይ ቆየ። «እዚህ የለችም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«እዚህ ከሌለች የት ናት? ውሾችህ ጋ? ቆብህን አውልቅና ለምናት! ስሟን ጥራ!»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። ነፋሱ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች አነሣቸው። «ኡላዩ...»

«አልሰማችም። ነፋስ አለ። የነፋስ ባላባት እናት አይደለች? ጩኽላት!»

«ኡላዩ!»

«አሁንም አልሰማችም። ያኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንዴት ነበር የምትጮኸው? እንደዚያ አድርገህ።»

«ኡላዩ! እኔ ሳሉሙኒ ነኝ! ስሜን ለልጅሽ ልጅ ልጅ ስጪልኝ! እባክሽ...» ሳሉ መጣና አጎበጠው። ክምሩን ተደግፎ ሳለ፣ ሳለ፣ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። «በቃህ?»

ፑቱሊክ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ። የሚያዳምጥ መሰለ። ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንደ ከረሜላ ሲያገላብጠው የኖረ ነው። ቀና አለ።

«ምን አለች መሰለህ? 'ውሾቹ ጋ ውሰደው' አለች። የጎረቤቴ ውሻ ሰሞኑን ትወልዳለች። እነሱ ከወደዱልህ!»

ተናገረው። ቆመ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ቄሱ ሞቷል፣ የሳሉሙኒ እኅት ሞታለች፣ የማርኩሲ ልጆች አንዱ ከተማ ገብቶ ጠፍቷል፣ አንዱ ደንቁሯል። ነፋሱ ብቻ በወላለቁት በሮች ገብቶ ይወጣ ነበር።

ሳሉሙኒ ቆቡን መልሶ አደረገና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ለማለት ነው ያመጣኸኝ?»

«ለዚሁ ነው።»

«ሕፃን አራት ስም ይሸከማል። እሺ ብትል ምንም አይጎድልብህም ነበር።»

«አውቃለሁ። የሚጣፍጠውም ለዚያ ነው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ፈገግ አለ እንዴ? ፑቱሊክ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል፤ የስብሰባው ቤት ፈገግታ ነው።

«ጥሩ። እንግዲያውስ ይዤው ልሞት የነበረውን እኔም ልስጥህ» አለ ሳሉሙኒ። «አዝኜልህ ነበር ዝም ያልኩት። አሁን አላዝንልህም። እናትህ እዚህ የለችም ያልኩህ ለፌዝ አይደለም። የናትህ ስም አንድም ቀን ሜዳ ላይ አላደረም። አንተ ለምነህ በሄድክባት ሌሊት፣ እኔ ተኝቼ፣ አላሲ በልጅቱ ጆሮ ጣለችው። በሚና። ቄሱ ሚና ሲላት እናቷ ቀድማ ኡላዩ ብላታለች።»

«ውሸታም!»

«ሱቅ ደጃፍ ላይ 'ልጄ' ያለችህ ቀን ነው እኔም ያወቅኩት። ቤት ገብቼ አላሲን ደበደብኳት። አንዲት ቃል ከዚህ ቤት ብትወጣ ሁለታችሁንም በረዶ ላይ ነው የማወጣችሁ አልኳት። ሰው ፊት ተናግሬ፣ ሰው አስቄ፣ ሚስቴ ገለበጠችው እንዲባል ነበር የፈለግከው? እኔ አደን ስወጣ ግን እናቷ በመስኮት እያሳየች ታስተምራት ነበር። 'ያውልሽ ልጅሽ፤ ያ ጆሮው የተበላው' ትላት ነበር።»

«ውሸት ነው! አንተ ነህ አስጠንተህ የላክሃት!»

«እኔ ስለ ጆሮህ ምን ገዶኝ?» አለ ሳሉሙኒ። «ጆሮህን ሸፍን የሚለውን እኔ ከየት አውቀዋለሁ? ከናንተ ድንኳን ከሚመጡት ሴቶች የሰማችው አላሲ ናት። ድንጋይ ስር የከረመ ዋልረስስ? ታሲራሉክ ውስጥ ያን ግም ማን በልቶ ያውቃል? እሷ ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ ሽታው በመጣ ቁጥር ምራቋን ትውጥ ነበር። ካንተ ቤት በቀር የትም የለም።»

ፑቱሊክ የባሕሩ ዳር ድንጋይ ታየው። ጉልበቷን አቅፋ፣ ጀልባው እስኪጠጋ፣ እሱ በደህና እስኪወርድ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ።

«ስሜን ከሌላ ቤት መለመን አቅቶኝ አይደለም፤ በረዶው ሲጥል የምትወልድ አለች፣ ስሜ እስከዚያ ሊታገሥ ይችል ነበር» አለ ሽማግሌው። «ልጄ ያንተ ወገን ስለሆነች ነው። እሷ ካለችበት ዘር እንድገባ ብዬ ነው። እንግዲህ ቀረ። ሃያ አምስት ዓመት እናትህ ከደጃፍህ ማዶ ኖረች። እኔ ደበቅኳት፣ አንተ ገፋሃት። እኩል ነን።»

ሩቅ ከታች ባሕሩ መመለስ ጀምሯል። በድንጋዮቹ መካከል ውሃው እንደ እባብ እየተሹለከለከ ወደ ጀልባው ይመጣል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የማላውቀው» አለ ሳሉሙኒ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ የስብሰባው ቤት ድምፅ አልነበረም፣ የአባት ድምፅ ነበር። «ያን ጸደይ እግሬ ተሰብሮ ተኝቼ፣ ሳህን ይዛ አንተ ጋ መጣች። ሳህኑን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ምን አለሽ አልኳት። አልነግርህም አለችኝ። ሌሊቱን ሁሉ ለመንኳት። 'ልጄ ደክሞት ነው' አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልወጣትም። ሲነጋ መንጠቆዋን ይዛ ወጣች። ያ በረዶ ሰው እንደማይሸከም ታውቃለች፤ እኔ ነኝ ያሳየኋት። ንገረኝ። እኔ ልሞት ነው፣ ለማንም አላወራብህም። ምን አልካት?»

ፑቱሊክ አፉን ከፈተ። ቃሉ እዚያው ነበር፤ አልጠፋበትም። ውሾቹ ሲናከሱ ይሰማዋል። ሳህኑ ሲገለበጥ ያየዋል።

«ፑቱሊክ፣ ምን አልካት?»

ዞረ። ወደ ጀልባው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ባዶዎቹ ቤቶች፣ ከቤቶቹም አልፎ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ወዳለበት ወደ ርስቱ መራመድ ጀመረ። ቆቡ ከራሱ ወርዶ ጀርባው ላይ ይንጠለጠላል፤ ነፋሱ የተበላ ጆሮውን እንደ ቢላ ይከረክረዋል።

«ውሃው መጣ!» ይላል ሽማግሌው ከኋላው። «አንተ ሰው! ምን አልካት? ልጄን ምን አልካት?»

ፑቱሊክ ጆሮውን አልሸፈነም።  ሄደ።